«ኢት»ን ከመሰረዛችን በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የጋዜጣችሁን የእንግሊዝኛ ዓምድ ሳላነብ አላልፍም፤ ጥሩ ሆኖ ሳገኘው ቆርጬ ክፍል ይዤ እገባለሁ። ባለፈው እትም የወጣውን ግን ይዤ መግባት አልቻልኩም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ቢቻል ለአንባቢዎቻችሁም አድርሱልኝ።

ትምህርቱ ስለ ኢንፊኒቲቭ ነበር፤ በእኛ ሰዋስው ንዑስ አንቀጽ የሚባለው፣ በእንግሊዝኛ «ቱ» ከፊቱ የሚቀድመው ማለት ነው። ጥቂት ምሳሌ ተሰጠና አንድ ሕግ ተጻፈ። እንዲህ ባለ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ «ኢት»ን፣ ማለትም ለዕቃ «እሱን» የምትለዋን ተውላጠ ስም፣ ካያችሁ ስሕተት ነው፣ ሰርዙት ይላል። አለቀ። ለምን እንደሚሰረዝ የተባለ ነገር የለም። የማይሰረዝበት ቦታ እንዳለም አልተጠቀሰም። ከሥር ከተሰጠው መልመጃ ደግሞ አራተኛው ዓረፍተ ነገር ትክክል ሆኖ ሳለ መልሱ ላይ «ስሕተት» ተብሏል። ወደ እሱ በኋላ እመጣለሁ።

እንግሊዝኛውን በእኛው ፊደል ነው የምጽፈው። ጮክ ብላችሁ ካነበባችሁት ይገባችኋል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉልኝ። «ቱ» በእኛ ፊደል ስትጻፍ ሁለት ሥራ ይኖራታል። አንዷ ከግሥ ፊት የምትመጣዋ ናት፤ ሁለተኛዋ «ከመጠን በላይ» የምትለዋ ናት። «ቱ ሄቪ ቱ ሊፍት» ስል የመጀመሪያዋ ከመጠን በላይ መክበዱን ትናገራለች፣ ሁለተኛዋ የኢንፊኒቲቯ ናት።

አሁን ወደ ነገሬ። ከዓመታት በፊት ነው፣ የቤት ሥራ አርም ነበር። መልመጃው እንግሊዝኛ የተማረ ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት ነው። «ዘ ቦክስ ኢዝ ሶ ሄቪ ዛት አይ ካንት ሊፍት ኢት» የሚል ይሰጥና በ«ቱ» እና በ«ቱ» ቀይሩት ይባላል። ሳጥኑ ከመክበዱ የተነሣ ላነሣው አልችልም ማለት ነው። አንዷ ተማሪዬ «ዘ ቦክስ ኢዝ ቱ ሄቪ ቱ ሊፍት ኢት» ብላ ጽፋለች። መጨረሻ ላይ ያለችውን «ኢት» በቀይ ሰረዝኩ፣ ግማሽ ነጥብ ቀነስኩ፣ ደብተሩን መለስኩላት። ትንሽ ቆይታ መጣች። ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ ጣቷን ቀዩ ሰረዝ ላይ አደረገችና፣ «ቲቸር፣ ታዲያ ምኑን ነው የሚያነሣው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። «እንግሊዝኛ እንደዚያ ነው» ብዬ ሸኘኋት።

ማታ ግን ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሣኝ። ምክንያቱም ልጅቷ ልክ ነበረች። «ሊፍት» ተሻጋሪ ግሥ ነው፣ የሚነሣ ነገር ይፈልጋል፣ «አይ ሊፍት» ብሎ ነጥብ ማድረግ አይቻልም ብዬ ከሳምንት በፊት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት እኔ ራሴ ነኝ። እሷ ያስተማርኳትን ይዛ መጣች፣ እኔ ደግሞ ባወቀችው ነገር ቀጣኋት። ስንቱ ተማሪ እንዲህ ሆኖ «እንግሊዝኛ ሕግ የለውም» ብሎ ተስፋ እንደቆረጠ አስቡት።

ለእሷ ልሰጣት ይገባ የነበረው መልስ ይሄ ነው። የሚያነሣው ሳጥኑን ነው። ተሳቢው አልጠፋም፣ አልተጣለም፣ አልተረሳም። ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ተቀምጧል። «ዘ ቦክስ» በአንድ በኩል የ«ኢዝ» ባለቤት ነው፤ ከባድ የተባለው እሱ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የ«ሊፍት» ተሳቢ ነው፤ የሚነሣው እሱ ነው። አንድ ስም ሁለት ሥራ ይሠራል። ከ«ሊፍት» በኋላ ያለው ቦታ ክፍት ሆኖ የሚቀረው ለእሱ ተብሎ ነው። «ኢት»ን ስታስገባበት የተያዘ ወንበር ላይ ሌላ ሰው እንዳስቀመጥክ ይቆጠራል።

ይህን ከኪሴ አላመጣሁትም። ማረጋገጥ ይቻላል፣ ለዚያውም በቀላሉ።

«ፋይንድ» የሚለውን ግሥ እንውሰድ፤ ማግኘት ማለት ነው። «ሪድ» አንዳንዴ ያለ ተሳቢ ይሄዳል፤ «ሺ ኢዝ ሪዲንግ» ብትል፣ እያነበበች ነው፣ ምን እንደምታነብ ባይነገርም ያስኬዳል። «ፋይንድ» ግን እንደዚያ አይሆንም። «ሺ ፋውንድ» ብለህ ብታቆም ሰሚው ይጠብቅሃል። ምን አገኘች? እንግዲህ ይህ ያለ ተሳቢ መቆም የማይችል ግሥ «ዘ ኪ ኢዝ ኢዚ ቱ ፋይንድ» ሲባል ምንም አይጎድለውም። ቁልፉን ማግኘት ቀላል ነው ማለት ነው፣ እንከን የለሽ እንግሊዝኛ ነው። ተሳቢው በእውነት ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ዓረፍተ ነገርም እንደ «ሺ ፋውንድ» አንጠልጥሎ ያስቀረን ነበር። አላስቀረንም። ስለዚህ ተሳቢ አለው፤ እሱም ቁልፉ ነው።

አሁን ደግሞ እዚያ ክፍት ቦታ ላይ ሌላ ተሳቢ ለማስገባት ሞክሩ። «ዘ ኪ ኢዝ ኢዚ ቱ ፋይንድ ዘ ዶር» በሉ። ቁልፉ በሩን ለማግኘት ቀላል ነው? ትርጉም የለውም። ቦታው የተያዘ ስለሆነ ነው።

በጣም የምወደው ማስረጃ ግን የመስተዋድዱ ነው። «ሺ ኢዝ ኢዚ ቱ ቶክ ቱ» ይላሉ፤ እሷን ማናገር ቀላል ነው፣ አትከብድም። መጨረሻ ላይ ያለችውን «ቱ» እዩዋት፣ ከሁለቱ የተለየች ሦስተኛ ዓይነት ናት። መስተዋድድ ናት፣ «ቶክ ቱ» ከሚለው የመጣች። ከኋላዋ ስም ሊኖር ይገባ ነበር፣ ግን የለም፤ ብቻዋን ጫፍ ላይ ቆማለች። «ኤ ቼር ቱ ሲት ኦን» እና «ኤ ፔን ቱ ራይት ዊዝ» ላይም እንደዚያው ነው። «ኦን» ምኑ ላይ? ወንበሩ ላይ። «ዊዝ» በምኑ? በእስክሪብቶው። እነዚህ ትንንሽ ቃላት ክፍቱ ቦታ ያለበትን ልክ ያሳዩናል። በነገራችን ላይ እነሱን መጣልም ሌላው የዘወትር ስሕተት ነው። «አይ ኒድ ኤ ቼር ቱ ሲት» የሚል ተማሪ ስንት አይቻለሁ መሰላችሁ። «ኢት ካያችሁ ሰርዙ» የሚለውን ሕግ የሸመደደ ልጅ እዚህ ሲደርስ «ኦን»ንም አብሮ ይሰርዛል። ለምን እንደሚሰርዝ ካላወቀ የት እንደሚያቆም በምን ያውቃል?

አማርኛ ተናጋሪው «ኢት»ን ለምን እንደሚጨምርም ማወቅ አለብን። ስንፍና አይደለም። ቋንቋችን ተሳቢውን ግሡ ላይ ይለጥፋል። «ሳጥኑ ከመክበዱ የተነሣ ላነሣው አልቻልኩም» ስንል «ላነሣው» ላይ ያለችው «ው» ሳጥኑ ናት። «የማነበው መጽሐፍ አጣሁ» ስንልም «የማነበው» ውስጥ «ው» አለች፣ እሷም መጽሐፉ ናት። «የምቀመጥበት ወንበር» ውስጥ «በት» አለች። ጆሯችን ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ ለምዷል። ስለዚህ ተማሪው «ኤ ቡክ ቱ ሪድ ኢት» ሲል «ው»ን ነው የተረጎማት። «ዘ ቡክ ዛት አይ ቦት ኢት» ሲልም «የገዛሁት መጽሐፍ» ውስጥ ያለችውን «ት» ነው የተረጎማት። ሁለቱ ስሕተቶች ምንጫቸው አንድ ነው። አንዱን የገባው ሌላውንም ያርማል።

ደግሞ ደስ የሚለው፣ አማርኛ ራሱ በንዑስ አንቀጽ ሲናገር «ው»ን ይተዋል። «ይህ መጽሐፍ ለማንበብ ቀላል ነው» እንላለን። «ለማንበብ» ላይ ምንም የተለጠፈ ነገር የለም። ማንም «ምኑን ለማንበብ?» ብሎ አይጠይቅም፤ መጽሐፉን እንደሆነ ያውቃል። «ዚስ ቡክ ኢዝ ኢዚ ቱ ሪድ» ማለት ይኸው ነው። እኔ አሁን ይህን ነገር የማስተምረው ከዚህ ጀምሬ ነው። ተማሪው በገዛ ቋንቋው የሚያደርገውን መጀመሪያ እንዲያይ አደርጋለሁ፣ እንግሊዝኛው ከዚያ በኋላ አይከብደውም።

አሁን ነገሩ የሚጠብቅበት ቦታ ላይ ደረስን። ሁለት ዓረፍተ ነገር ልስጣችሁ። «ጆን ኢዝ ኢዚ ቱ ፕሊዝ»። «ጆን ኢዝ ኢገር ቱ ፕሊዝ»። በዓይን ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው። የተለወጠው አንድ ቅጽል ብቻ ነው። የመጀመሪያው ጆንን ማስደሰት ቀላል ነው ይላል፤ ደስ የሚለው ጆን ነው፣ አስደሳቹ ሌላ ሰው ነው። ሁለተኛው ጆን ሰውን ለማስደሰት ይጓጓል ይላል፤ አስደሳቹ ራሱ ጆን ነው። በመጀመሪያው ጆን ተሳቢ ነው፣ በሁለተኛው ባለቤት ነው። አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ኖአም ቾምስኪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አጥብቆ ያነሣቸው ለዚህ ነበር። የቃላት ቅደም ተከተል ብቻውን ስለ ዓረፍተ ነገር ሁሉን እንደማይነግረን ያሳዩ ነበር። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎች ልዩነቱን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል።

ግን እነሱም ቢሆኑ ሲወለዱ ጀምሮ አያውቁትም። ይህን ያወቅነው የልጆችን ቋንቋ ካጠናችው ከካሮል ቾምስኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመችው ጥናት ከ5 እስከ 10 ዓመት የሆኑ 40 ልጆችን አነጋግራለች። ያደረገችው ነገር ቀላል ነው። ዓይኗ በጨርቅ የተሸፈነ አሻንጉሊት ልጁ ፊት ታስቀምጥና፣ «ይቺ አሻንጉሊት ኢዚ ቱ ሲ ናት ወይስ ሃርድ ቱ ሲ?» ብላ ትጠይቃለች። አሻንጉሊቷን ማየት ቀላል ነው ወይስ ከባድ ነው ማለቷ ነው። አሻንጉሊቷ እፊቱ ቁጭ ብላለች። ብዙዎቹ ትንንሽ ልጆች ግን «ሃርድ» ይላሉ። «እንግዲያው ኢዚ ቱ ሲ አድርጋት» ሲባሉ እጃቸውን ዘርግተው ጨርቁን ከዓይኗ ላይ ያነሡላታል። አያችሁ ምን እንደሆነ? ልጆቹ አሻንጉሊቷን የማየት ባለቤት አድርገዋታል። እሷ የምታይ መስሏቸዋል። የምትታየው እሷ እንደሆነች፣ ማለትም የ«ሲ» ተሳቢ እንደሆነች፣ ገና አልደረሱበትም። ከፍ ያሉት ልጆች ግን «ኢዚ» ብለው ይመልሳሉ።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ፊታቸው ይፈታል። በቋንቋው ውስጥ የተወለደ ልጅ እንኳ ዓመታት የሚፈጅበት ነገር ነው። በአንድ ቀይ ሰረዝ እንዲገባቸው መጠበቃችን ግፍ ነው።

በአማርኛ «አሻንጉሊቷን ማየት ቀላል ነው ወይስ ከባድ?» ብለን ብንጠይቅ ልጁ አይሳሳትም፤ «ን» ትነግረዋለች። «ዶሮው ለመብላት ዝግጁ ነው» ብንል ግን እኛም እንወዛገባለን። ዶሮው ራሱ እህል ሊበላ ነው ወይስ እኛ ልንበላው? የእንግሊዝኛው አቻም እንዲሁ ለሁለት ይተረጎማል፣ የሰዋስው መምህራንም ዘወትር የሚጠቅሱት ነው። እንግሊዝኛውን እዚህ ያልጻፍኩት መብላት የሚለው ግሥና ተውላጠ ስሙ በእኛ ፊደል ሁለቱም «ኢት» ስለሚሆኑ ነው። በሌላ ልተካው። «ዘ ሌተር ኢዝ ሬዲ ቱ ሳይን»፤ ደብዳቤው ዝግጁ ነው፣ ይፈረምበታል። «ዘ ማናጀር ኢዝ ሬዲ ቱ ሳይን»፤ ሥራ አስኪያጁ ዝግጁ ነው፣ ይፈርማል። ደብዳቤ እንደማይፈርም ስለምናውቅ አንሳሳትም። ስለዚህ ተማሪው መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ኢት አለ ወይስ የለም?» የሚለው አይደለም። ማን ነው አድራጊው፣ ምኑን ነው የሚያደርገው? ልጅቷ የጠየቀችኝ ጥያቄ እኮ ነው! ከሕጉ ሁሉ በላይ እሷ ጥያቄ ትሠራለች።

ይህን ግንባታ ሊቃውንቱ የተለያየ ስም ሰጥተውታል። ዴንማርካዊው ኦቶ የስፐርሰን ወደ ኋላ የሚመለስ ኢንፊኒቲቭ ብሎታል፤ ግሡ ተሳቢውን ፍለጋ ወደ ኋላ ዞሮ ያያል ማለት ነው። ሮድኒ ሃድልስተንና ጄፍሪ ፑለም እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ሰፊ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ውስጥ ደግሞ ውስጡ ክፍት የሆነ ሐረግ ይሉታል። እኔ የየስፐርሰንን እመርጣለሁ። ለተማሪ ቶሎ ይገባል፣ ሰሌዳ ላይም ቀስት ሆኖ ይሳላል።

እንግዲህ ወደ አራተኛው ዓረፍተ ነገር ልምጣ። መልመጃው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ሺ ኦፕንድ ዘ ራዲዮ ቱ ፊክስ ኢት»። ልትጠግነው ራዲዮውን ከፈተችው። መልሱ ላይ «ኢት ይሰረዝ» ተብሏል። አይሰረዝም! «ሺ ኦፕንድ ዘ ራዲዮ ቱ ፊክስ» ብሎ ማቆም ነው ስሕተቱ። «ምኑን ልትጠግን?» ተብሎ ይጠየቃል።

ለምን? እዩት ከዚህ ጎን፦ «ሺ ጌቭ ሚ ዘ ራዲዮ ቱ ፊክስ»። እንድጠግነው ራዲዮውን ሰጠችኝ። እዚህ «ኢት» የለም፣ ሊኖርም አይገባም። በአማርኛ ሁለቱም ላይ «ው» አለች፤ «ልትጠግነው»፣ «እንድጠግነው»። ስለዚህ አማርኛችን በዚህ አይረዳንም። ልዩነቱ ያለው ፊት ባለው ግሥ ላይ ነው። መስጠት፣ ማምጣት፣ መግዛት፣ መተው፣ መኖር፣ እነዚህ ግሦች ዕቃውን አንድ ሰው እጅ ያስገባሉ ወይም እጁ ላይ እንዳለ ይናገራሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ኢንፊኒቲቭ ዕቃው ለምን እንደሚውል ይነግረናል። ራዲዮው ለጥገና ነው፣ መጽሐፉ ለንባብ ነው። ዕቃው የነገሩ ማዕከል ስለሆነ ቦታው ለእሱ ክፍት ይሆናል። መክፈት ግን እንደዚያ አይደለም። ስትከፍተው እጇ አልገባም፣ ቀድሞም እጇ ላይ ነበር። «ቱ ፊክስ ኢት» እዚህ የሚናገረው እሷ ለምን እንደከፈተች ነው፤ ስለ ሴትየዋ ሐሳብ ነው እንጂ ስለ ራዲዮው አገልግሎት አይደለም። ስለዚህ ተሳቢው በራሱ ስም መቅረብ አለበት።

የምጠቀምበትን መለያ ልንገራችሁ። «ቱ» የነበረችበት ቦታ ላይ «ኢን ኦርደር ቱ» አስገቡ። «ሺ ኦፕንድ ዘ ራዲዮ ኢን ኦርደር ቱ ፊክስ ኢት» ያለ ችግር ይሄዳል፤ ትርጉሙም አልተለወጠም። በ«ኢን ኦርደር ቱ» ጊዜ ተሳቢው ሁልጊዜ ይጻፋል፣ ክፍት ቦታ አይፈቀድም። «ሂ ቦት ዘ ራዲዮ ኢን ኦርደር ቱ ፊክስ ኢት» ስትሉም «ኢት» ትኖራለች። ይህን አንዴ ያዩ ተማሪዎች ከዚያ በኋላ አይጠፋባቸውም። «ሰርዙ» የሚለውን ሕግ ይዘው የሄዱት ግን እዚህ ላይ ይወድቃሉ፤ ልክ የነበረውን አጥፍተው ይወድቃሉ።

ሌሎችም «ኢት» የማትነካባቸው ቦታዎች አሉ። የሳጥኑ ዓረፍተ ነገር በመጀመሪያው መልኩ፣ «ሶ ሄቪ ዛት አይ ካንት ሊፍት ኢት» ሲባል፣ «ኢት» የግድ ናት። ከ«ዛት» በኋላ የመጣው የራሱ ባለቤትና የራሱ ግሥ ያለው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ተሳቢውንም ራሱ ይችላል። ለዚህ ነው መልመጃው ተማሪውን የሚያደናቅፈው። አንዱን ወደ ሌላው ቀይር ሲባል ያለውን ሁሉ ይዞ ይሻገራል። «ዘ ኪ» ከፊት ሳይሆን ከኋላ ሲመጣም፣ «ኢት ኢዝ ኢዚ ቱ ፋይንድ ዘ ኪ» ሲባል፣ ተሳቢው በቦታው ነው። ፊት ያለችው «ኢት» ባለቤት ላለማጣት ብቻ የገባች ናት፣ ምንም ነገር አትጠቁምም። «ሺ ኢዝ ኢገር ቱ ፋይንድ ኢት» ላይም «ኢት» አትነካም። ባለቤቷ ፈላጊዋ ናት፤ የምትፈልገው ነገር የግድ መነገር አለበት።

አንድ አከራካሪ ነገርም አለ፣ እሱን መደበቅ አልፈልግም። «ዘ ቦክስ ኢዝ ቱ ሄቪ ቱ ሊፍት ኢት» ስሕተት ነው። መሐል «ፎር ሚ» ሲገባ ግን፣ «ቱ ሄቪ ፎር ሚ ቱ ሊፍት ኢት» ሲባል፣ «ኢት»ን የሚቀበሉ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አሉ። ሳይጨምሩት የሚሉም አሉ። እኔ ተማሪዎቼን ሳይጨምሩት እንዲጽፉ እመክራለሁ፣ የጨመረውን ግን ነጥብ አልቀንስበትም። አራሚዎችም ይህን ቢያውቁት ጥሩ ነው።

ሌላው የሚያሳዝነኝ፣ «ኢት» ሲሰረዝበት የደነገጠ ተማሪ የሚያመልጥበት መንገድ ነው። ወደ ተገብሮ ይሸሻል። «ዚስ ቡክ ኢዝ ኢዚ ቱ ቢ ሪድ» ይላል። በአማርኛ «ለመነበብ ቀላል ነው» ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ለጆሮው ትክክል ነው። ለእንግሊዝኛ ግን ከ«ኢዚ» በኋላ ገቢሩ ነው የሚመጣው፣ «ቱ ሪድ»። ሁልጊዜ ተገብሮ ክልክል ነው ማለቴ አይደለም። «ዜር ኢዝ ኤ ሎት ኦፍ ወርክ ቱ ዱ» ይባላል፣ «ቱ ቢ ደን»ም ይባላል፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። «ሂ ኢዝ ቱ ብሌም» የሚለው ደግሞ በገቢር ተነግሮ ጥፋቱ የእሱ ነው ማለት ነው፣ ወቃሹ እሱ አይደለም፣ ተወቃሹ ነው። እንግሊዝኛ በኢንፊኒቲቭ ጊዜ ለገቢር የሚያደላባቸው ቦታዎች እንዳሉ ተማሪው ቢነገረው ወደዚያ አይሸሽም።

ቅጽሎቹም በሸምደዳ ብቻ የሚያዙ አይደሉም፣ ግን አንድ ወጥመድ አለ። «ኢዚ»፣ «ሃርድ»፣ «ዲፊከልት»፣ «ኢምፖሲብል» ሁሉም ይሄን ግንባታ ይቀበላሉ። «ዘ ዶር ኢዝ ኢምፖሲብል ቱ ኦፕን» ይባላል፤ በሩን መክፈት አይቻልም። «ፖሲብል» ግን አይቀበልም። «ዘ ዶር ኢዝ ፖሲብል ቱ ኦፕን» አይባልም፤ «ኢት ኢዝ ፖሲብል ቱ ኦፕን ዘ ዶር» ነው የሚባለው። ይህን ለምን ብላችሁ ብትጠይቁኝ ልማድ ነው እላችኋለሁ፣ እንዳለ ተይዞ መሄድ ነው ያለበት። ሌላው ግን ምክንያት አለው። ምክንያት ያለውን ነገር በምክንያቱ እናስተምር።

እኔ አሁን ደብተር ሳርም «ኢት»ን አልሰርዝም። ከላይዋ ትንሽ ክብ አደርግና ከክቡ ወደ ኋላ ቀስት እስባለሁ፣ ቀስቱ «ዘ ቦክስ» ላይ ይደርሳል። ከጎኑ በአማርኛ «ምኑን? ሳጥኑን፤ እዚህ አለ» ብዬ እጽፋለሁ። ይህን ለማድረግ ከሰረዙ ትንሽ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ሃምሳ ደብተር ሲሆን ይታክታል፣ አልዋሽም። ግን ልጁ ሁለተኛ ጊዜ አይመጣም።

ከእናንተ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በሚቀጥለው እትም የአራተኛው ዓረፍተ ነገር መልስ ይታረምልን፤ ሕጉን አምነው ልክ የጻፉትን ያጠፉ አንባቢዎች ይኖራሉና። ከቻላችሁ ደግሞ ዓምዱ ላይ እነዚህን ሦስቱን ጎን ለጎን አውጡልን፣ «ኢት» ትኑር አትኑር አንባቢው ራሱ ምክንያቱን ጽፎ ይላክ።

«ሂ ጌቭ ሃር ኤ ሌተር ቱ ፖስት...»
«ሂ ፎልድድ ዘ ሌተር ቱ ሃይድ...»
«ዘ ሌተር ዎዝ ቱ ቢግ ቱ ሃይድ...»

የሁለተኛውን ምክንያት አስተካክሎ የጻፈ ልጅ ካገኛችሁ ስሙን ዓምዱ ላይ አውጡለት።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ የእንግሊዝኛ መምህር